አስገቢው የገንዘብ አማካሪ ሲሆን

ባለፈው መስከረም መጨረሻ አንድ አባት ፌስታል አንጠልጥለው ቤቴ መጡ። ከጎማ ወረዳ ናቸው፣ ቡና አብቃይ። ልጃቸው ጅማ ከተማ አክስቷ ጋ ሆና ነው 12ኛ ክፍልን የጨረሰችው። በሰፈራችን የውጭ ማመልከቻ የሚሞላ ልጅ ግራ ሲገባው እኔ ጋ ብቅ ይላል፣ እሷም ቀድማ ታውቀኛለች። ቡና ቀረበ፣ ትንሽ ተጨዋወትን፣ ከዚያ የታጠፈ ወረቀት ዘረጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ላለ አንድ ኮሌጅ ተማሪ የሚመለምል ሰው ልጅቷን በቴሌግራም አገኛት። ማመልከቻዋን አብሯት ሞላ። እስከዚህ ጥሩ። ቀጥሎ ግን የገንዘብ ድጋፍ ቅጹንም እኔው ልሙላላችሁ አለ። ለአባትየው ደወለና «አባባ፣ የወር ገቢዎ ስንት ነው?» አላቸው። «አሁን ምንም የለም» አሉት። እውነታቸውን ነው። መስከረም ላይ ቡናው ገና ዛፉ ላይ ነው፣ ያምናው ብር ክረምቱን ሳይሻገር አልቋል። «እንግዲያው ዜሮ እንላለን፣ ዜሮ ሲሆን ሙሉውን ይሰጣሉ» አለና ስልኩን ዘጋ። እሳቸው ግን እንቅልፍ አጡ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ዜሮ አይደለሁም» አሉኝ። «ቡና አለኝ። ዜሮ ነኝ ብዬ ልፈርም?»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ብዙ ቤተሰብ ያልተነገረው አንድ ነገር አለ፦ ተማሪ የሚቀበለው ሰውና ስለ ገንዘብ የሚያማክረው ሰው ሥራቸው የተለያየ ነው፣ በመካከላቸውም ድንበር መኖር አለበት። ድንበሩ ሲፈርስ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

እስቲ ሁለቱን ሥራ ለያይተን እንያቸው። የቅበላ ሠራተኛ ሥራው ተማሪ መፈለግ፣ ማመልከቻ ማየት፣ «ገብተሻል» ወይም «አልገባሽም» ማለት ነው። ወንበሩ እንዲሞላ ይፈለግበታል። የገንዘብ ድጋፍ ሠራተኛ ደግሞ የቤተሰቡን አቅም መዝኖ፣ ምን ያህል ድጋፍ እንደሚሰጥ ወስኖ፣ ቀሪውን ቤተሰቡ መቻል አለመቻሉን በግልጽ የሚናገር ሰው ነው። የእሱ ትክክለኛ ምክር አንዳንዴ «ይህ ትምህርት ቤት ለእናንተ አይሆንም» የሚል ነው። ይህን መልስ ወንበር እንዲሞላ ከሚጠበቅበት ሰው አፍ መጠበቅ ከባድ ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። አብዛኞቹ ልጁን ከልብ ይወዱታል፣ እንዲገባም ይመኛሉ፣ ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ልጁ እንዲገባ በጣም ሲመኙ ቁጥሩ ቀላል ሆኖ ይታያቸዋል። «ሂጂ ብቻ፣ ገንዘቡ ይመጣል» ይላሉ። ገንዘቡ ካልመጣ ግን ዕዳው የሚቀረው የሰጡት ቃል ላይ ሳይሆን የቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ነው።

አሜሪካኖቹ ይህን ጉዳይ በሕግ ጭምር ሲታገሉበት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኮንግረሱ የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ሲያሻሽል፣ ተማሪዎቻቸው የመንግሥት ድጎማና ብድር የሚያገኙባቸው ኮሌጆች ለቅበላ ሠራተኞችና ለመልማዮች ባስገቡት ተማሪ ቁጥር ልክ ኮሚሽን እንዳይከፍሉ ከለከለ። ክልከላው ተማሪ በማስመዝገብ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ድጋፍ በማስገኘት የሚከፈለውንም ጉርሻ ይጨምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ልጅ ይህን ያህል የሚከፈለው ሰው ያንን ልጅ «ተመለስ» ሊለው አይችልም።

አሁን ደግሞ እኛን የሚነካው ክፍል። ያው ሕግ ውስጥ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ውጭ አገር የሚኖሩና የአሜሪካን የመንግሥት ድጋፍ የማያገኙ የውጭ ዜጎችን መመልመል ከክልከላው ውጭ ነው። አሜሪካዊውን ልጅ የሚጠብቀው አጥር የጅማን ልጅ አይጠብቅም ማለት ነው። የአሜሪካ የቅበላ ባለሙያዎች ማኅበር ራሱ ብዙ ከተከራከረበት በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ውጭ አገር ላይ በኮሚሽን የሚሠሩ ወኪሎችን መጠቀም ፈቅዷል፤ ግልጽነትና ተጠያቂነት ይኑር ብሎ። ስለዚህ እዚህ አንድ ሰው «የኮሌጁ ተወካይ ነኝ» ብሎ ሲደውል በአንድ ተማሪ ይህን ያህል የሚቆረጥለት ሊሆን ይችላል፣ ያም ሕገወጥ አይደለም። ሕገወጥ ስላልሆነ ነው የራሳችንን ጥንቃቄ ማጥበቅ ያለብን። «በእያንዳንዱ ተማሪ ይከፈልዎታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቅን ሰው ከሆነ ይመልሳል። የሚቆጣ ከሆነ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ወደ አባትየው ዜሮ ልመለስ፣ እዚያ ላይ ብዙ የሚባል ነገር አለ።

መልማዩ «ዜሮ ሲሆን ሙሉውን ይሰጣሉ» ያለው ስህተት ነው። ኮሌጆች ገንዘብና ቅበላን የሚያያይዙበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ ተማሪ ሲመርጡ የቤተሰቡን አቅም ጭራሽ አያዩም። መጀመሪያ ይመርጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ ያወራሉ። ለውጭ ተማሪም እንዲህ የሚያደርጉት ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት ከእነሱ መካከል ናቸው፣ ዳርትማውዝና ቦውዶን ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ተጨምረዋል። አብዛኞቹ ኮሌጆች ግን የውጭ ተማሪ ሲመርጡ ምን ያህል ድጋፍ እንደሚፈልግም ያያሉ። ለውጭ ተማሪ የመደቡት ገንዘብ ውስን ነው፣ ለአንዱ ብዙ ሲሰጡ ለሌላው ያንሳል። እንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ላይ ከእውነቱ በላይ ደሃ ሆኖ መቅረብ በሩን ሊዘጋ ይችላል። የልጅቷ ኮሌጅ ከእነዚህ አንዱ ነበር። መልማዩ ይህን አላወቀም፣ ወይም አልተናገረም። የገንዘብ ድጋፍ ክፍሉን ብትጠይቅ ኖሮ በአንድ ኢሜይል ይነግሯት ነበር።

ሌላው ነገር፣ ዜሮ ብሎ የሚጽፍ ቤተሰብ በምን እንደሚኖር ይጠየቃል። አምስት ልጅ ያለው ቤት፣ ሁለቱ ተማሪ፣ ገቢ ዜሮ። ወረቀቱን የሚያየው ሰው ሞኝ አይደለም። ማስረጃ አምጡ ይላል። ኋላ ቡናውን የሚገዛው የገበሬዎች ማኅበር ደረሰኝ ሌላ ቁጥር ካሳየ፣ የተሰጠው ድጋፍ ሊሰረዝ፣ ቅበላውም ሊነሳ ይችላል። የሚፈርሙት እኚህ አባት ናቸው። መልማዩ የትም አይፈርምም።

ደግሞ ቅጹ «የወር ገቢ» ብሎ እንደ ደመወዝተኛ መጠየቁ በራሱ ለእኛ አገር ሰው ወጥመድ ነው። የጅማ ዞን ቡና አብቃይ የወር ገቢ የለውም። ቀዩ ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፣ ብሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይገባል፣ ከዚያ የብድር መክፈል፣ የልብስ፣ የትምህርት ቤት፣ የሠርግ፣ የለቅሶ ወጪ አለ፣ ሰኔ ሲደርስ ከሱቅ በዱቤ መብላት ይጀመራል። ይህን ኑሮ በአንድ ሳጥን ውስጥ በቁጥር ማስገባት ቀላል አይደለም። ትክክለኛው መንገድ የዓመቱን ገቢ መጻፍ ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ቢቀመጥ ደግሞ ይሻላል፣ የቡና ምርት አንድ ዓመት ሰጥቶ ሌላ ዓመት የሚነፍግ ነውና። ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ይህንኑ በግልጽ ቋንቋ መናገር ነው፦ ገቢያችን በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ምንም አይገባም። የማኅበር ደረሰኝ ካለ ይያያዛል፣ ከቀበሌ የሚገኝ ደብዳቤም እንዲሁ። የገንዘብ ድጋፍ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ይገባዋል። ካልገባውም መልሶ ይጠይቃል፣ ሥራው ነው።

ስለ ቅጾች ይህን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላክል። ፋፍሳ የሚባለው የአሜሪካ የፌዴራል የድጋፍ ቅጽ ነፃ ነው፣ ደግሞም ለአሜሪካ ዜጎችና ሕጉ ለሚፈቅድላቸው ጥቂት ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ነው። ጅማ ቁጭ ብሎ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ አይሞላውም። «ፋፍሳ እሞላልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ በቀጥታ አይሆንም በሉት። ለውጭ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ የድጋፍ ቅጽ ነው፣ እሱ ክፍያ አለው። አንዳንድ ኮሌጆች ግን ክፍያውን ያነሱላችኋል ወይም የራሳቸውን ነፃ ቅጽ ይቀበላሉ። ይህን የምትጠይቁት የገንዘብ ድጋፍ ክፍሉን ነው፣ መልማዩን አይደለም።

አሁን ኮሌጁ ተቀብያችኋለሁ ብሎ ወደሚልከው ደብዳቤ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሲሳሳት አይቻለሁ፣ ስለዚህ በቁጥር ላሳይ። ለምሳሌ የአንድ ኮሌጅ የዓመት ወጪ ከነመኝታውና ምግቡ 60 ሺህ ዶላር ነው እንበል። ኮሌጁ በዓመት 38 ሺህ ሰጠ። የቅበላ ክፍሉ የሚልከው የደስታ ደብዳቤ «የ152 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ አሸንፈሻል!» ይላል። ውሸት አይደለም፣ 38 ሺህ በአራት ዓመት ሲባዛ 152 ሺህ ነው። ሰፈሩ እልል ይላል፣ ዘመድ ይጠራል። ቀሪው ግን በዓመት 22 ሺህ፣ በአራት ዓመት 88 ሺህ ዶላር ነው። ያ ቁጥር ደብዳቤው ላይ በትልቁ አልተጻፈም። አንዳንዴ ጭራሽ አልተጻፈም። ይህ የእኔ ስሞታ ብቻ አይደለም፣ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት፣ 91 በመቶ ያህሉ ኮሌጆች ተማሪው ከኪሱ የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ ወይ አይጽፉም ወይ አሳንሰው ይጽፋሉ ብሏል። በዚያ ላይ ብድርም በአንዳንድ ደብዳቤ «ድጋፍ» ተብሎ ከስጦታው ጋር ይደመራል። ብድር ድጋፍ አይደለም፣ ዕዳ ነው። የውጭ ተማሪ ደግሞ ከግል ባንክ ለመበደር አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ዋስ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ «ቀሪውን ተበደር» የሚለው ምክር ለእኛ ልጅ ምክር አይደለም።

እዚህ ላይ ድንበሩ የት እንደሆነ በደንብ ይታያል። የቅበላ ሠራተኛ የታተመውን ዋጋ መናገር ይችላል። ቀነ ገደቡን፣ ኮሌጁ ለውጭ ተማሪ ድጋፍ ይስጥ አይስጥ፣ የገንዘብ ድጋፍ ክፍሉን አድራሻ መንገር ይችላል፣ ግዴታውም ነው። «ይህን ያህል ታገኛለህ» ብሎ መገመት ግን አይችልም። ቅጹን መሙላት፣ ምን ጻፉ ምን ደብቁ ማለት፣ «ዛሬ ካልፈረማችሁ ድጋፉ ይቀራል» ብሎ ማጣደፍ አይችልም። የቤተሰብን የባንክ ወረቀት በግል ቴሌግራሙ መቀበልም የእሱ አይደለም። በዚህኛው በኩል ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ ሠራተኛው «የዚህች ልጅ አባት መክፈል ይችላል» ብሎ ለቅበላው ሰው ማንሾካሾክ የለበትም፣ ኮሌጁ አቅም አላይም ካለ።

ትልልቆቹም እዚህ ላይ ተከሰዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪን አቅም አናይም እያሉ ለሀብታም ልጆች ያዳሉ ነበር፣ ድጋፍንም ተመካክረው አሳንሰዋል ተብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ብራውን፣ ኮሎምቢያ፣ ዱክ፣ ኤመሪና ዬል ጥፋቱን ሳያምኑ በድምሩ 104.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ከዚያ በፊት በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ ሠራተኞች ከአበዳሪ ድርጅቶች ስጦታና ጥቅም እየተቀበሉ ተማሪውን ወደ እነሱ ይመሩ እንደነበር ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገ ምርመራ ተጋለጠ፣ በዓመቱም ኮንግረሱ ኮሌጆች የሥነ ምግባር ደንብ እንዲኖራቸው አስገደደ። ስለዚህ የገንዘብ ድጋፍ ሰው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ የቅበላ ሰው ሁልጊዜ አታላይ እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ጋ ጥቅም ሊገባ ይችላል።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ጅማ ከተማችን ምዝገባ ሲደርስ መርካቶ አካባቢ ብትሄዱ ባነሩን፣ በራሪ ወረቀቱን፣ በመኪና ላይ የሚጮኸውን ድምፅ ማጉያ ታገኛላችሁ። ብሔራዊ ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2014 ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ልጁ አላለፈም፣ ቤት መቀመጥ የለበትም፣ ወላጅ ተጨንቋል። ያኔ ነው «ምዝገባ ላይ ነን» የሚለው ሰው የሚመጣው። የጓደኛዬን እናት ራሴ ሸኝቼ ያየሁት ነገር አለ። መዝጋቢዋ «50 ፐርሰንት ስኮላርሺፕ አለን» አለቻቸው። ስኮላርሺፑ ያለ ምንም መስፈርት ዛሬ ለተመዘገበ ሁሉ የሚሰጥ ቅናሽ ነበር። ቅናሹም የመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው። የክሬዲት ሰዓቱ ዋጋ በሁለተኛው ዓመት እንደሚጨምር አልተነገራቸውም፣ በዓመቱ ልጁ አቋረጠ። መዝጋቢዋም፣ ገንዘብ ተቀባይዋም፣ «አማካሪዋም» አንድ ሰው ነበረች። እንድትዋሽ አልታዘዘችም ይሆናል። ግን ሦስቱን ወንበር አንድ ሰው ሲቀመጥበት «እትዬ፣ ይህ ለእርስዎ ከባድ ነው፣ ሌላ ይሞክሩ» የሚል ሰው አይኖርም።

እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ከገንዘቡ በፊት መጠየቅ ያለበት ፈቃዱ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በኮሌጅ ስም ብቻ አይደለም፣ በትምህርት ዘርፉና በካምፓሱ ጭምር ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ፈቃድ አለው ማለት ጅማ ያለው አለው ማለት አይደለም። ከዚያ ክፍያውን እስከ ምረቃ ድረስ በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ መቀበል። በቃል የተነገረ ቅናሽ በቃል ይቀራል።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላይ ነገሩ ይለያል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አብዛኛው ሌላ ጋ ተማሪውን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ ስለዚህ ወንበር ለመሙላት የሚያባብል ሰው የለም። ግን ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርት ወጪውም የተወሰነ ክፍል ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል። ስንቱ አንብቦ ይፈርማል? ሰልፍ ላይ ቆሞ «እዚህ ጋ ፈርም» ተብሎ የፈረመ፣ ኋላ ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ይዞ ዋናውን ዲግሪ ሲጠይቅ ዕዳ እንዳለበት የተረዳ ልጅ ብዙ አውቃለሁ። እዚህም የጎደለው ያው ነው፤ ስለ ገንዘቡ አስር ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ፣ ሌላ ፍላጎት የሌለው ሰው።

አንድ ነገር ግን እንዳይዛባ እፈልጋለሁ። ድንበር ይኑር ሲባል ተማሪውን ከመስኮት ወደ መስኮት ማንከራተት ማለት አይደለም። «እኔን አይመለከተኝም፣ ሌላ ቢሮ ሂጂ» ብሎ ፊት ማዞርም ጥፋት ነው፣ ምናልባት ለገጠር ልጅ የባሰ ጥፋት ነው፣ ሁለተኛውን ቢሮ ሳታገኘው ትመለሳለችና። ጥሩ የቅበላ ሰው እጇን ይዞ ያደርሳታል። «ስለ ገንዘብ እኔ ቃል ልሰጥሽ አልችልም፣ ይህቺ የገንዘብ ድጋፍ ሠራተኛ ትችላለች፣ ኢሜይሏ ይኸው፣ እኔም ግልባጭ ውስጥ አለሁ» ይላል። እንዲህ የሚሉ አሉ። አንዷን አውቃለሁ፣ ለተማሪዬ «ይህን ጥያቄ እኔ ብመልስልሽ እበድልሻለሁ» ብላ ጽፋላታለች። ያን ኢሜይል እስከ ዛሬ አልሰረዝኩትም።

የእኚያ አባት ጉዳይ እንዴት ሆነ? ዜሮውን አልላክነውም። ልጅቷ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ክፍል በራሷ ኢሜይል፣ በራሷ እንግሊዝኛ ጻፈች። አባቴ ቡና አብቃይ ነው፣ ገቢያችን በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ እንዴት ልሙላው? በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። የሦስት ዓመት የሽያጭ ማስረጃ ካላችሁ ላኩልን፣ ቤት ውስጥ በዚህ ገቢ የሚተዳደሩት ስንት ሰዎች እንደሆኑም ጻፉልን ይላል።

አባትየው ይህን ሲሰሙ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዘውት የሚዞሩት የማኅበሩን ደረሰኝ ነው። አንዳንዱ በቡና ጭማቂ ጠይሟል፣ ግን ዓመት በዓመት በክር ታስሯል። «ይሄ የ2015፣ ይሄ የ16፣ ይሄ ያምናው» እያሉ ለልጃቸው አቀበሉ፣ እሷም አንድ በአንድ በስልኳ አነሳች።